ሰባት ቁጥር ውስጥ ያለው አሮጌ ዕቃ

«ሰባት ቁጥር ውስጥ ያለው አሮጌ ዕቃ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወጥቶ ያልቃል። አንተ ብቻ አልጋውን ይዘህ ከች በል» አለ የእቴቴ የወንድም ልጅ ከታች፣ ለአናጢው በስልክ። እቴቴ ከላይ በረንዳው ላይ አበባ እያጠጡ ነበር። የውሃ ማጠጫው እጃቸው ላይ እንዳዘነበለ ቀረ፣ ውሃውም ማሰሮውን ሞልቶ ጫማቸው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሰባት ቁጥር የእሳቸው ክፍል ነው። ውስጡ ያለው ነገር ቢቆጠር አንድ አልጋ፣ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ፣ ግድግዳው ላይ የተሠራ አንድ ቁም ሳጥንና እሳቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አሮጌው የትኛው ነው ቢባል፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሬዲዮው ገና አዲስ ነው። «ስለ ሆቴላችን የምትጽፈው የመጽሔት ጸሐፊ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች» ሲል ቀጠለ ልጁ ከታች፣ «ፎቶው ላይ ያየችው መስኮት ያለበትን ክፍል ነው የምፈልገው ብላለች። ምን ላድርግ? እሺ ብያታለሁ።» ማንን እሺ እንዳለ እንጂ ማንን እንዳልጠየቀ አላነሳም። እቴቴ ማጠጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ክፍላቸው ገብተው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ከፋቸው። በጣም ከፋቸው።

ቤቱ የአባታቸው ቤት ነበር፤ አሁን ሆቴል ሆኗል። ሆቴል ስል ደግሞ አልጋና ፎጣ ብቻ ያለበት እንዳይመስላችሁ። የወንድማቸው ልጅ ህንድ አገር ለዓመታት ጨርቅ ሲነግድና ሲማር ቆይቶ የተመለሰው ከሻንጣ ይልቅ ሐሳብ ይዞ ነው። በሩ ላይ ሆዱ የተዘረጠጠ፣ ራሱ የዝሆን የሆነ አምላክ ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር አይጥ አለች፣ ከፊቱ በየጠዋቱ ፍራፍሬ የሚሞላ የነሐስ ሳህን አለ። የደረጃው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ የወተት ባሕር ነው፤ አማልክት በአንድ ወገን፣ አጋንንት በሌላው ወገን ሆነው አንድ ግዙፍ እባብ እንደ ገመድ እየጎተቱ ባሕሩን ይንጡታል። ሠዓሊው ፊት ሲያልቅበት የሠራተኞቹን ፊት ስለተጠቀመ፣ ከአጋንንቱ መካከል እባቡን ራሱ ላይ ጨብጦ ዓይኑን ያፈጠጠው ቁርጥ ዘበኛውን ነው። ዘበኛው በዚህ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም በዕረፍት ቀኑ ዘመዶቹን እያመጣ ያሳያል። ክፍሎቹ እንደ ሰው ስም አላቸው። የጣዎስ ክፍል አለ፣ የሎተስ አበባ ክፍል አለ፣ ሰማያዊ ሕፃን አምላክ ተደብቆ ቅቤ ሲልስ የተሳለበት የቅቤ ሌባው ክፍል አለ። በየመተላለፊያው ደግሞ የእኔ የሚሉት ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያስር፣ መልቀቅ እንዴት እንደሚያሳርፍ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። እቴቴ እሱን ባነበቡት ቁጥር «ይህን የጻፈው ሰው ምን ነበረው?» ይላሉ።

ሠራተኞቹ ልጁን በሌለበት «ጉሩ» ይሉታል፣ በህንዶቹ አባባል የመንፈስ መምህር ማለት ነው፤ እየቆየ ፊት ለፊት ሲጠሩትም ለመደው። ነጭ የጥጥ እጀ ጠባብ ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ የእንጨት ጨሌ አለ። ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ማስቲካ ያኝካል፤ ስለ መንፈስ ዕረፍት ሲያስረዳ መንጋጋው አያርፍም። ክፉ ልጅ አይደለም። ቤቱ ታድሶ ሆቴል ሲሆን የእቴቴን እጅ ይዞ «ይህቺን ክፍል በሕይወት እያለሽ የሚነካት የለም» ብሏቸው ነበር፣ እሳቸውም አምነውታል። ያሳደጉትን ልጅ ካላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው?

እቴቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው አውጥተው አወረዱ። ወርደው ዓይኑን በጨው የታጠበ ቢሉት ይቀላቸዋል፣ ግን ምግብ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ገመና ደግሞ ከቁርስ ጋር አይቀርብም። አልቅሰው ቢለምኑት እሺ ይላል፣ እሺታው ግን የምጽዋት ይሆናል። ዝም ብለው ሻንጣ ቢይዙስ? ኧረ ወዲያ! ከአባቴ ቤት እንደ ተከራይ ልወጣ? በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰኑ፣ ከወሰኑም በኋላ ትንሽ ቀለል አላቸው። ካልነገረኝ አልሰማሁም። መጥቶ ዓይኔን እያየ፣ እቴቴ ክፍልሽን ልቀቂልኝ ይበለኝ። እስኪለኝ ድረስ እዚሁ ነኝ።

ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጥሩውን ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ወረዱ። የመቀበያዋ ልጅ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለችላቸው፤ የቤቱ ሕግ ነው፣ እንግዳም ቤተሰብም እንዲህ ነው ሰላም የሚባለው። ዘበኛው ግን የድሮ ወታደር ስለሆነ መጀመሪያ ሰላምታውን ግጭ ያደርግና ትዝ ሲለው መዳፉን ይገጥማል። ጉሩ በሩ አጠገብ ለሁለት አዛውንት ባልና ሚስት የዝሆን ራሱን አምላክ ታሪክ እያወራ ነበር። እቴቴ ይህን ታሪክ በመስኮታቸው ሥር ለየእንግዳው ሲደገም ከመስማታቸው የተነሳ የት ላይ እንደሚሳቅ እንኳ ያውቃሉ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ወላጆቻቸው እጅ አንድ ማንጎ ገባ፤ አንድ ብቻ። ዓለምን ዞሮ ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል ተባለ። አንደኛው ፈጣን ነው፣ ጣዎሱ ላይ ዘሎ ወጣና እብስ አለ። ይሄኛው ደግሞ እንደምታዩት ሆዳም ነው፣ መጓጓዣውም አይጥ ናት። (እዚህ ላይ ይሳቃል።) አሰበ፣ አሰበና ተነሥቶ እናትና አባቱን አንድ ጊዜ ዞራቸው። ምን ማለትህ ነው ሲሉት፣ የእኔ ዓለም እናንተ ናችሁ፣ ይኸው ዞሬ ጨረስኩ አላቸው። ማንጎውንም በላ። ሴትዮዋ «ውይ የኔ ጌታ!» ብላ ደረቷን ያዘች። ጉሩ እየሳቀ ዞር ሲል እቴቴን አያቸውና መንጋጋው ቀጥ አለ።

«እንዴት አደርሽ እቴቴ?»

«ደህና። አንተስ?»

«ደህና ነኝ። እቴቴ...»

«አቤት።»

እቴቴ ጠበቁ። ልጁ የእንጨት ጨሌውን በጣቱ አሻሸ፣ ባልና ሚስቱን አየ፣ አይጧን አየ።

«ምንም። ሻይ ጠጣሽ?» አለ።

ሻዩን ሳይጨርሱ የመቀበያዋ ልጅ ስልክ ይዛ መጣች። የጉሩ እህት ናት፣ ከከተማው ዳር፣ ከምትኖርበት። «እቴቴዬ፣ ልጆቹ እኮ በጣም ናፍቀውሻል! ከሰዓት መኪና ልላክልሽ?» አለች በአንድ ትንፋሽ። ባለፈው እሑድ መጥተው ጠይቀውኝ የለ እንዴ ሲሏት «ከዚያ ወዲህ ናፍቀውሽ ነው» አለች። ውሸት ስትናገር ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፅዋ ይቀጥናል። ለስንት ቀን ነው ሲሏትም፣ ደስ እስካለሽ ድረስ አለቻቸው። የት ልታስተኚኝ ነው ሲሏት ግን ከበስተኋላ የሕፃን ጫጫታና የቧንቧ ውሃ ብቻ ተሰማ። «ሳሎን ያለው ሶፋ እኮ ይዘረጋል» አለች በመጨረሻ። እቴቴ አልተቆጧትም። እሷም በወንድሟ ታዝዛ ነው። «ወንድምሽ ሲነግረኝ እመጣለሁ» አሉና ስልኩን መለሱ። ወደ ላይ ሲወጡ ሆዳሙ አምላክ ፊት ቆም አሉ። ሳህኑ ላይ ብርቱካን፣ ሙዝና አንድ የበሰለች፣ ጉንጯ የቀላ ማንጎ አለች። «አንተ እንደሆነ ሞልቶልሃል» ብለው ማንጎዋን ኪሳቸው ከተቱ።

የእቴቴ ክፍል ትንሽ ናት፣ መስኮቷ ግን ትልቅ ነው። ከመስኮቱ ውጭ አባታቸው የተከሉት ዛፍ አለ፤ አሁን ቅርንጫፉ ሰተት ብሎ ሊገባ ምንም አልቀረው። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሐል አልፎ ወለሉ ላይ ሲርመሰመስ ማየት ነው የእቴቴ ሥራ፤ ሌላ ሥራ ለመሥራት ጉልበታቸው እምቢ ካለ ቆይቷል። ያንን መስኮት ነው ልጁ ፎቶ አንስቶ ለዓለም ያሳየው። ያን ዕለት ብርሃኑ ያምራል እያለ ወንበራቸውን ከፎቶው ያስወጣው ለዚህ ነው ለካ። ደግሞም አሁን ሲያስቡት ልጁ ክፍላቸው ከገባ ወራት አለፉ። ድሮ ማታ ማታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የቀኑን ወሬ ያወራላቸው ነበር፤ ሰሞኑን ግን በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ነሽ?» ብሎ ይሄዳል። ሥራ በዝቶበት መስሏቸው ሲያዝኑለት ከርመዋል። ይሄ ይሄ ነው አንጀታቸውን ያቃጠለው። ክፍል ክፍል ነው፤ ሊወስድባቸው ሲያስብ ግን ሰላምታውንም አብሮ ነው የወሰደባቸው።

ከምሳ በኋላ የመቀበያዋ ልጅ መጥታ መዳፏን ገጠመች። «ጉሩ ትንሽ ወጣ ብለው ይናፈሱ ብሏል። አየሩ ደስ ይላል።»

«እዚህም አየር አለ።»

«እሱስ አለ» አለች ልጅቷ፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወጣች።

አናጢው ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር ሲመጣ እቴቴ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር ስበው ወለሉ መሐል ላይ አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። አናጢው በሩ ላይ ደንግጦ ቆመ፤ ክፍሉ ባዶ ነው ተብሎ ነዋ የመጣው። «ባዶ ነው፣ ግባ» አሉት። ገባ። የሚያምር አልጋ ነው፣ ምን ይዋሻል! ራስጌው ላይ ሎተስ ተቀርጿል፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ የተላጉ ናቸው፣ እንጨቱ ገና ትኩስ ይሸታል። እቴቴ ሳይወዱ በግድ «እጅህ ይባረክ» አሉት። ሰውየው ደስ ብሎት የአልጋውን የጎን እንጨት ግድግዳው ሥር አጋደመና ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። አነሳው፣ አዙሮ አጋደመው። ያው ነው። አንድ ክንድ ያህል ይተርፋል።

«አልጋው ረዘመ እንዴ?» አሉ እቴቴ።

«የእኔ አልጋ አይረዝምም እማማ። ክፍሉ ነው ያጠረው።»

ጉሩ ተጠራ። መጣና እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ፤ እቴቴን ላለማየት አልጋውን፣ አልጋውን ላለማየት ጣሪያውን እያየ። አናጢው ልኩን የሰጡኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ይኸው የተናገሩትን ነው የሠራሁት እያለ ሜትሩን ያወናጭፋል። ጉሩ ላብ በላብ ሆነ። «የለካሁት ስድስት ቁጥርን ነው» አለ በመጨረሻ። ስድስት ቁጥር የራሱ መኝታ ክፍል ነው፣ ከእቴቴ ጋር ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ሁለቱ እኩል መስለውኝ አለ። «እዚሁ አጠገቡ ሆነው ይሄን ራሱን አይለኩትም ነበር?» አለ አናጢው በየዋህነት። ሰው አክስቱ የተቀመጠችበትን ክፍል ሳይነግራት እንዴት አድርጎ ይለካል?

አናጢው ነገሩ ስላልገባው መፍትሔ ፍለጋ ግድግዳውን ማንኳኳት ያዘ፣ ቁም ሳጥኑ ጋ ሲደርስም ድምፁ ተለወጠ። በሩን ከፈተ፣ የእቴቴን ልብስ በአክብሮት ገለል አደረገ። «ይሄ እኮ ቁም ሳጥን አይደለም፣ አልጋ ነው!» አለ። እውነቱን ነው። ጉልበት ከፍታ ላይ ሰፊ ጣውላ አለ፣ ከላዩ መደርደሪያ፣ በግራና በቀኝ እንጨት የተመታበት። ልጁ እናቱ ሞታ ወደዚህ ቤት ሲመጣ ሰፊ ቦታ ላይ መተኛት ይፈራ ነበር፤ እንቅልፍ የሚወስደው ጥግ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ የእቴቴ አባት ከክፍሉ አንድ ክንድ ቆርጠው ይህን ጎሬ ሠሩለት። ካደገ በኋላ በር ተገጠመለትና ልብስ ገባበት፣ በዚያው ተረሳ። አናጢው የመደርደሪያውን ሆድ በእጁ ሲዳብስ ግን ሌላ ጉድ አገኘ። ቀና ብሎ አየ። ጠጠር የመሰለ ነገር፣ ሮዙ ከአረንጓዴው፣ ነጩ ከቢጫው ተደባልቆ፣ ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል። በጥፍሩ ፈቀፈቀው። «ምን ዓይነት ሙጫ ነው ይሄ? ሥራው እኮ ጠንካራ ነው!»

የጉሩ መንጋጋ ቀጥ አለ።

«ማስቲካ ነው» አሉ እቴቴ። «ሳትተፋ አትተኛም ስለው እሺ ይለኝ ነበር። የት እንደሚተፋው ይኸው ዛሬ አወቅኩ።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አናጢውም ሳቀና ፍርስርሱን ለማውጣት አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ ላፍርሰው ወይ ሲል ጠየቀ። ጉሩ ይፍረስም አይፍረስም አላለም። ሜትሩን ከሰውየው እጅ ነጠቀና «መጀመሪያ በደንብ ልለካው» አለ፤ ጊዜ መግዛቱ ነው እንጂ ምን የሚለካ ነገር አለ? አናጢው ወደ እቴቴ ዞሮ «እማማ፣ እስቲ አንዴ ብድግ ቢሉልን?» ሲላቸው ግን ጉሩ ቶሎ ብሎ «ተዋት፣ አታስነሣት! ዞሬ እለካለሁ» አለው። ያን ጊዜ እንኳ ተነሺ ለማለት አፉ አልደፈረም። የሜትሩን ጫፍ በሩ ጥግ ላይ ይዞ ጀመረ። በመስኮቱ በኩል ሄደ፣ ከቅርንጫፉ ጥላ ሥር አለፈ፣ በወንበሩ ጀርባ ዞረ፣ በጎሬው ፊት ጎንበስ ብሎ አለፈና እንደገና በሩ ጋ ደረሰ። እቴቴ መሐል ላይ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ ጫማው ሲንሿከክ ይሰማሉ። መጀመሪያ ተናደው ነበር። ከጀርባቸው ሲያልፍ ግን ሌላ ነገር መጣባቸውና ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነከሱ። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ማንጎዋን አወጡ።

«እንካ» አሉት።

«ምንድን ነው?»

«ዞረህ ጨረስክ አይደል? ወንድምህ ጣዎሱን ይዞ ሳይመጣ ብላ።»

አናጢው አንዴ ማንጎዋን፣ አንዴ ሰዎቹን አየ። ሴትዮዋ አእምሯቸው ትንሽ ሳይነካ አልቀረም ብሎ አዘነ። ጉሩ ግን እንደ ጅብራ ተገትሮ ቀረ። ያን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደተናገረው፣ ለስንት ሰው፣ በማን መስኮት ሥር ቆሞ... ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ጥርቅም ብሎ ተጠቀለለ። ሄዶ ጎሬው ጣውላ ላይ ዘጭ አለ።

«ላስወጣሽ ነበር እኮ» አለ።

«አውቃለሁ። ጠዋት ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተስ?»

ቅጠሉ ይንሿሿል፣ ታች ዘበኛው መኪና ሲመልስ ይሰማል። ልጁ ዓይኑን በእጀ ጠባቡ ጠረገ። በየቀኑ ልነግርሽ እመጣና በሩ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል፣ ከዚያ መግባቱ ራሱ አሳፈረኝ አላቸው። እቴቴም እስኪጨርስ ሰሙት። አሳዘናቸው፤ ግን ያላለቀ ነገር ነበራቸው።

«አሮጌ ዕቃ ያልከው ወንበሩን ነው እኔን?»

«ኧረ እቴቴ! ወንበሩን ነው!»

«እሱም ሰምቶሃል» አሉ የወንበሩን እጀታ መታ መታ አድርገው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጉሩ ተነሣና ለአናጢው አልጋውን ስድስት ቁጥር አስገባው አለው። የራሱን ልብስ፣ መጻሕፍትና የዮጋ ምንጣፍ በሁለት እቅፍ ጠራርጎ አወጣ። የሎተሱ አልጋ ስድስት ቁጥር ሲገባ ልክክ አለ፣ ጣት እንኳ አያስገባም፤ አናጢው «አላልኩም? የእኔ አልጋ አይረዝምም!» እያለ እንደ ሙሽራ ቤት ዞሮ ዞሮ አየው። ለሰባት ቁጥር በር ተብላ የተሠራች የነሐስ ሰሌዳ ነበረች፣ «መልቀቅ» የሚል የተቀረጸባት። እሷም ስድስት ቁጥር ላይ ተመታች። ጸሐፊዋ በሰዓቷ መጣች። ዘበኛው ግጭ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ትዝ ሲለው መዳፉን ገጠመ፤ እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ያንኑ መልሳ አደረገችለት። ክፍሏ ገብታ ፎቶው ላይ ያየሁት መስኮት ይሄ ነው ወይ ብላ ስትጠይቅ ጉሩ «አይደለም፣ ይሄ ጎረቤቱ ነው። ያኛው ባለቤት አለው» አላት። መስኮቱ ያንኑ ዛፍ ነው የሚያየው፣ ትንሽ ከትከሻው በኩል። ሴትዮዋ አልከፋትም። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ማለት ነው ስትል የመቀበያዋ ልጅ «የክፍሉ ባለቤት ዛሬ ከሰዓት ተምሮት የወጣው ነገር ነው» አለቻት። ጉሩ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ።

ሲመሽ እቴቴ ሬዲዮአቸውን ዝቅ አድርገው ሊተኙ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ጉሩ ነው፣ ትራሱን አቅፎ። ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ተይዘዋል፣ የታችኛው አግዳሚ ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። የእቴቴ ልብስ አስቀድሞ ከጎሬው ወጥቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ገባ። ራሱ ገባ፣ ትከሻው ገባ፣ ከጉልበቱ በታች ያለው ግን ከየት ይግባ? እቴቴ አሮጌውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው አቀረቡለት። እግሮቹን ጫነበት።

«ነገ ለራሴ ቦታ እፈልጋለሁ» አለ ከጎሬው ውስጥ።

«ማን አስቸኮለህ።»

ከዚያ የቀኑን ወሬ ማውራት ጀመረ፤ ጸሐፊዋ ምን እንዳለች፣ አዛውንቱ ባል ደረጃው ላይ ከዘበኛው ሥዕል ጋር ፎቶ እንደተነሣ። እቴቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ወሬው እየተንጠባጠበ ሄዶ ሲያልቅ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ጨቅ፣ ጨቅ፣ ጨቅ።

«ማስቲካህን ሳትተፋ አትተኛም» አሉት።

«እሺ እቴቴ።»

እቴቴ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። የልጁ እጅ በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ መደርደሪያው ሆድ ሲሄድ አዩ። አላየሁም ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።